ዳንቴሌ ላይ የተቀመጠችው ጣውንት

ጣውንት የመጣችብኝ በካርቶን ነው። ዱባይ የሚኖረው የባሌ የማኑሄ ያክስት ልጅ ልኳት፣ ማኑሄ ራሱ ቦሌ ድረስ ሄዶ ተቀበላት፤ ከዚያ እስከ ኮልፌ በታክሲ ሲመጣ ጭኑ ላይ አስቀምጧት እንደነበር በኩራት ነገረኝ። እኔን በሙሽርነቴ ሲያመጣኝ እንኳ ግማሹን መንገድ ከሹፌሩ ጋር ስለ ኳስ ሲያወራ ነበር።

ላፕቶፕ ናት። ያውም ተራ ላፕቶፕ አይደለችም፤ የጌም ላፕቶፕ የሚሏት፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ፊደሎቿ ከስር ቀይና አረንጓዴ የሚያበሩላት። ማኑሄ የሚሠራው አጠና ተራ አካባቢ አሉሚኒየም ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ በርና መስኮት ሲቆርጥ ይውልና ቤት ሲገባ እጁን በሳሙና ሙልጭ አድርጎ ታጥቦ ፊቷ ቁጭ ይላል። ኳስ ይጫወታል፣ መኪና ይነዳል፣ ሰው ያሳድዳል። ራቱን አቅርቤ «ብላ እንጂ፣ ቀዘቀዘ» ስለው «ይቺን ብቻ ልጨርስ» ይለኛል። ይቺ የምትባለዋ ግን አልቃ አታውቅም።

ያንገበገበኝ ግን ይኼ አይደለም። ሌላውም ወንድ ይጫወታል፤ ቢያንስ ቤቱ ተቀምጦ ነው ብዬ ልተወው እችል ነበር። ያንገበገበኝ ያስቀመጣት ቦታ ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነች ያለን ጠረጴዛም አንድ ነው። እሱ ላይ የተነጠፈው ዳንቴል ደግሞ እጮኛሞች ሳለን ለእሱ ብዬ የሠራሁት ነው። ነጭ ክር ገዝቼ፣ ዐይኔ እስኪፈስ ሠርቼ፣ ዙሪያውን በቢጫ ዘምዝሜ፣ ከስሩ ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ የሚለሰልስ ወፍራም ገበር ሰፍቼበት ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሥራዬን አሳምሬ አውቃለሁ። ለማንም እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም፤ ወደፊትም አልሠራም። ያቺ ከካርቶን የወጣች ጉድ እዚያ ላይ ጉብ አለች።

እኛ ቤት ዳንቴል የሌለው ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑም፣ ፍሪጁም፣ ሶፋውም የየራሳቸው አላቸው። በተጋባን ሰሞን ማኑሄ «ስክሪኑን ሸፈነው» ብሎ የቴሌቪዥኑን አንስቶ ወንበር ላይ ወርውሮት ነበር። የእኔን ኩርፊያ ያን ጊዜ ቀመሰው። በምን እንዳስታረቅሁት፣ ማለቴ በምን እንዳስታረቀኝ፣ ለራሱም አይገባውም። ሁለተኛ የሰርኬን ዳንቴል እጄ አይነካም ብሎ በእናቱ ስም ምሎልኛል።

ብቻ ላፕቶፗ ትንሽ እንደቆየች ታመመች። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

ጨዋታው መሀል ድርቅ ትላለች። ተጫዋቹ እግሩን እንዳነሳ፣ ኳሷም አየር ላይ እንደተንጠለጠለች ትቀራለች። ከዚያ በፊት ፋኗ ይጮሃል፤ የጎረቤት ወፍጮ የተነሳ ነው የሚመስለው። ማኑሄ እጁን በጎኗ አስገብቶ ሆዷን ይዳብሳል። «በስማም! ተቃጥላለች እኮ!» ይላል ከልቡ ደንግጦ። ይኼ ራሴን ሲያመኝ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ፓናዶል ዋጪ» የሚለኝ ሰው ነው። እጁ ግንባሬን ነክቶ ትኩሳቴን ለክቶ አያውቅም። ቀናሁ። በዕቃ ቀናሁ፣ አዎ፣ ምን ይጠበስ?

ማስታመሙን ብታዩት። መጀመሪያ መብራቱ ነው ከፍ ዝቅ እያለ የሚጎዳት አለና ስታብላይዘር ተዋሰላት። አልተሻላትም። ቀጥሎ የጨዋታውን ጥራት ዝቅ አደረገላት፤ ምስሉ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ደበዘዘ እንጂ እሷ እንደሁ ደረቀች። መስኮቱን ከፈተላትና ብርዱ እኔን አንሰፈሰፈኝ። እኔ በሙቀት ስንገላታ ያልተገዛልኝን ቬንትሌተር ከአለቃው ለምኖ አምጥቶ ፊቷ ገተረላት። አንድ ቀን እንዲያውም አልጋው ላይ፣ ያውም በእኔ በኩል፣ ብርድ ልብሱ ላይ አጋድሞ ሞከራት። እዚያማ ጭራሽ ባሰባት። እሰይ አልኩ። መልሶ ጠረጴዛው ላይ፣ ዳንቴሌ ላይ አስቀመጣት።

በመጨረሻ «ቴክኒሻን ጋ ልውሰዳት» አለ። ውሰዳት፣ አልኩ፤ ባትመለስ ደግሞ ደስታዬ። እኔ ቴክኒሻን ሲለኝ በሐሳቤ የሣልኩት መነጽሩ አፍንጫው ላይ የወረደ፣ ሆዱ የገፋ ጎልማሳ ነበር።

ሄዳ ድና መጣች። አንድ ሁለት ቀን ሰነበተችና እንደገና ደረቀች። ተመልሳ ሄደች። ድና መጣች፤ ደረቀች። መመላለስ ሆነ። ማኑሄ ከሥራ ሲወጣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደዚያው ነው፤ ሲመለስ ደግሞ ፊቱ ፈካ ብሎ ነው የሚመጣው። ሰው ዕቃው ተበላሽቶበት እንዴት ይፈካል?

«ሰርኬ፣» አለችኝ አንድ ቀን ፋሪዳ። ፋሪዳ ከግቢያችን በር ላይ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ናት፤ ለስላሳና ሳሙና ትሸጣለች፣ ወሬውን ግን በነጻ ነው የምትሰጠው። «ጣልቃ ገባች እንዳትዪኝ እንጂ፣ ባልሽ ምን ሆኖ ነው ከሄቨን ሱቅ የማይጠፋው?»

«የቷ ሄቨን?»

«ያቺ ፌርማታው ጀርባ ላፕቶፕ የምትሠራዋ ናታ! ቀይዋ፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠችው። ወላሂ እኔ እንኳ ደንበኛዋ ነው ብዬ ነበር፤ ግን ደንበኛ እንደዚያ ይስቃል? ትናንት ሳልፍ ሁለቱም ሲንከተከቱ ነበር።» ዐየት አደረገችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እኮ ወደው አይደለም።»

ደሜ ፈላ። የገዛሁትን ሳሙና እዚያው ጥዬ ገባሁ። የማሽን ጣውንት አልበቃ ብሎኝ የሰው ተጨመረችበት! ማኑሄ እኔ ጋ ሲሆን ቃሉ ተቆጥሮ የተሰጠው ሰው ነው። ምን ብታወሪው «እህ» ነው። ፊልም አብረን አይተን ሲያልቅ «ጥሩ ነው» ይልና ይተኛል። ይኼ ሰው ነው ሲንከተከት የተባለው? ከሷ ጋር ሲንከተከት?

ያን ዕለት ሲገባ ጃኬቱን ተቀብዬ አሸተትኩት። የአሉሚኒየም ብናኝና የላብ ሽታ ብቻ ነው። ይኼ እንኳ አላረጋጋኝም።

«እህስ፣ ቴክኒሻኑ ምን አለህ?» አልኩት፣ «አለህ» የሚለውን ጠበቅ አድርጌ።

«ምንም የለባትም ነው የሚሉት።»

የሚሉት! እሷን ለመደበቅ አንቱ አደረጋት።

«ታዲያ እዚያ ደህና ሆና እዚህ ስትመጣ ምን ትሆናለች? የእኛ ቤት ቡዳ አለበት?»

ዐይኑ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። «እኔ እንጃ፣» አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፗን ይዞ ሲወጣ «ሄቨን ጋ ጥያት ሥራ ልግባ» ማለት ሲገባው «ጥያት ልግባ» ብቻ ብሎ ወጣ። በሩ እንደተዘጋ ሻንጣዬን ከአልጋ ስር አወጣሁ። ልብሶቼን ከተትኩ፣ መቀሴንና ክሮቼን ከተትኩ፣ በሩ ኋላ አቆምኩት። እናቴ አስኮ ናት፤ አንድ ታክሲ ነው። ሄቨንን በዐይኔ አይቼ፣ የፋሪዳ ወሬ እውነት ከሆነ፣ ከዚህ ቤት መውጣቴ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዳንቴል ግን ማጠፍ አቃተኝ። እሱን ካነሳሁ ነገሩ ያለቀለት መሰለኝና ተውኩት።

ስልኬን ይዤ ሄድኩ። ስልኬ ምንም አልሆነም፤ ግን ሰው ያለ ምክንያት ሱቅ አይገባም።

የሄቨን ሱቅ ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ነው የሚቆመው። ፋሪዳ ቀይ ያለቻት ልጅ ጠቆር ያለ ቱታ ለብሳ፣ ግንባሯ ላይ መብራት አስራ የሆነ ነገር ትፈታለች። ቆንጆ ናት። የተረገመች፣ ቆንጆ ናት። ባንኮኒው ላይ ደግሞ ጣውንቴ ተከፍታ ተቀምጣለች፤ መኪናው ስክሪኗ ላይ ብቻውን ይሽከረከራል፣ ፋኗ ድምፁ አይሰማም። ቤቴ እሪ የምትለው እዚህ ጨዋ ሆናለች።

«ስልኬ ቻርጅ አልይዝ አለኝ፣» አልኩ።

ተቀበለችኝ፣ አብርታ አየችው፣ ገመድ ሰካችበት። «ትንሽ እንየው፣ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። ዐይኔን ከጣውንቴ ላይ መንቀል አቃተኝ። «ይቺስ ምን ሆና ነው?» አልኩ፣ ድምፄን እንደ ሌላ ሰው አድርጌ።

«ይቺማ ጤነኛ ናት!» ሄቨን ሣቀች። «ጠዋት ነው ያስነሳኋት፣ ይኸው ትንፍሽ አላለችም። ቤቷ ስትገባ ነው የምትደርቀው። መጀመሪያ እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር። ፔስት የሚባለውን የሙቀት ቅባት ቀየርኩላት፣ ፎርማት አደረግኋት፣ ምን ያላደረግኩት አለ። በኋላ ፋኗን ስፈታ ይኼን አገኘሁ።»

ከመሳቢያ ትንሽ ላስቲክ አወጣች። ውስጡ እንደ ጥጥ የተድቦለቦለ የክር ብናኝ ነበር። ነጭ። መሀሉ ላይ ደግሞ ቀጭን ቢጫ ክር አለችበት። ያቺን ቢጫ የትም ባያት አውቃታለሁ፤ መርጬ የገዛኋት እኔ ነኝ።

«ይቺ ማሽን የምትተነፍሰው በሆዷ በኩል ነው፣» አለች ሄቨን። «አየሩን ከስር ነው የምትስበው። ሰውዬው ለካ ወፍራም ገበር ያለው ዳንቴል ላይ ነው የሚያስቀምጣት! ትራስ አፍንጫዋ ላይ እንደመጫን ማለት ነው። አንሳዋ፣ ባዶው ጠረጴዛ ላይ አድርጋት፣ ያለዚያ አራት ቆርኪ ከስር አድርግላት፣ ትድናለች አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?»

«ምን አለሽ?»

«አይሆንም አለኝ!» መፍቻዋን አስቀመጠች። «ሚስቴ እጮኛዬ እያለች የሠራችልኝ ነው አለ። ቤቴ መጀመሪያ የገባው ዳንቴሉ ነው፣ አንዱ መነሳት ካለበት ላፕቶፗ ትነሳ አለኝ። ደግሞ ቀን ሙሉ ብረት ነው የምጨብጠው፣ ማታ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ክንዴን ሳሳርፍ የሰርኬን እጅ የያዝኩ ነው የሚመስለኝ አለኝ። አትስቂም? እዚያው ጥግ ተቀምጦ ነው ይኼን ያለኝ። እኔማ ሣቅኩበት፤ እሱም አፈረና አብሮኝ ሣቀ። ታዲያ ምን ይሻላል ስለው፣ በየጊዜው እያመጣሁ አስጠርጋለሁ አለ። ይኸው እያመጣ ያስጠርጋል። እህቴ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሚስትየዋን ሳላያት ቀናሁባት።»

ምን እንደተሰማኝ ልናገር። መጀመሪያ ደስታ፤ ልቤ ከደረቴ ወጥቶ ባንኮኒው ላይ የሚፈርጥ መሰለኝ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር መጣና ደስታውን በላው። የሰርኬን እጅ የያዝኩ ነው የሚመስለኝ። ይኼን ነው ያለው፤ ግን ለማን? ለእኔ «እህ»፣ ለሷ ይኼን! እድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የነበረው ቃል ተነግሯል፣ ያውም ስለ እኔ ተነግሯል፣ የሰማው ጆሮ ግን የሄቨን ነው። ከዚህ በፊት የቀናሁት ሁሉ ቅናት አልነበረም፤ ቅናት ማለት ይኼ ነው።

ብድግ ብዬ ወጣሁ። ደህና ዋይ እንኳ አላልኩም።

«ሰርኬ!» ከኋላዬ ጠራችኝ። «ስልክሽን ረሳሽው!»

ዞርኩ። ስሜን አልነገርኳትም ነበር። ስልኬን ዘርግታ ፈገግ ብላለች። ስልኩ በርቷል፤ ስክሪኑ ላይ እኔና ማኑሄ በሠርጋችን ቀን ኬክ ስንጎራረስ ያለው ፎቶ አለ። ገና ስትቀበለኝ አይታዋለች ማለት ነው። ነጥቄያት ሄድኩ።

ታዲያ መንገዱን ሁሉ ይኼ በላኝ። ማን እንደሆንኩ እያወቀች ከነገረችኝ፣ እውነቱን ነው የነገረችኝ ወይስ የምትሰማ ሚስት ስላገኘች አሳመረችው? ክሩ እውነት ነው፣ በዐይኔ አይቻለሁ። ቃሉስ? ቃል እንደ ክር ላስቲክ ውስጥ አይቀመጥም። እናቴ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ትላለች። ሥሩ ያለው ማኑሄ ሆድ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ደግሞ በግድ ካልሆነ ምንም አይወጣም።

ፋሪዳ ሱቅ ቆምኩ። «አራት ቆርኪ ስጪኝ።»

«ጠርሙሱን ሳትገዢ? ለምንሽ ነው?»

«ለጣውንቴ ጫማ።»

አፏን እንደከፈተች ትቻት ገባሁ። ዳንቴሉን ከጠረጴዛው ላይ ገፈፍኩ። ሳነሳው መሀሉ ላይ ላፕቶፗ የተኛችበት ቦታ ጠቁሯል፤ ከፊቱ በኩል ደግሞ ግራና ቀኝ ሁለት ቦታ፣ ክንዱን የሚያሳርፍበት፣ ክሩ ሳስቶ ገበሩ ይታያል። ሁልጊዜ ሳጸዳ ከላይ ከላይ ነበር የማራግፈው፤ ይኼን አስተውዬው አላውቅም። በሳሙና ዘፍዝፌ አጠብኩት፣ ግቢው ገመድ ላይ ፀሐይ ሰጠሁት። ባዶው ጠረጴዛ ላይ ቆርኪዎቹን ደረደርኩ። ሻንጣዬን ማንሳት ግን ረሳሁት። በሩ ኋላ እንደቆመ ነው።

ቅዳሜ ሥራ ግማሽ ቀን ስለሆነ ማኑሄ ገና ፀሐዩ ሳይበርድ መጣ። የላፕቶፑን ቦርሳ አንጠልጥሎ፣ ፊቱ ፈክቶ ገባ። ጠረጴዛውን አየው። በሩን ሊዘጋ ዞር ሲል ሻንጣውን አየው።

ድርቅ አለ። አንድ እግሩ ገና ከደፍ ውጪ ነበር።

«ዳንቴሉስ?» አለ።

መታጠቡን አልነገርኩትም። ሥሩን ፈልጌ የለ!

ላፕቶፗን፣ ያቺን ጭኑ ላይ ታቅፎ ያመጣትን፣ መሬት ላይ፣ ጫማ ማስቀመጫው አጠገብ ጣላት። ጣላት ነው የምላችሁ፤ ቀስ ብሎ እንኳ አላስቀመጣትም። ሻንጣው ጋ በርከክ ብሎ ዚፑን ከፈተው። ቀሚሶቼን እያነሳ፣ ክሮቼን እየበተነ ይፈልጋል። «እሱንም ልትወስጂው ነው? ሰርኬ፣ እሱንም? ምን አደረግኩ? ላፕቶፗ ከሆነች ትሂድ። አሁን ልመልሳት። እሷ ትቅር፣ ዳንቴሉን ግን አትውሰጂብኝ።»

አሳዘነኝ፤ ግን እልኬ አለ።

«ለሄቨን ያልካትን ለእኔ በለኝ፣» አልኩ።

ቀና አለ። «ሄቨንን የት ታውቂያታለሽ?»

«አንተ የምታውቃትን ያህል ባይሆንም አውቄያታለሁ። በለኝ።»

«ምን አልኳት?»

«ታውቀዋለህ።»

ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። «ያው…» አለ። «ጠረጴዛው ላይ… ክንዴን ሳደርግ… ያው ያንቺ ነገር ስለሆነ…» እንደገና ሞከረ። «ብረት ነው እኮ ቀኑን ሙሉ… ከዚያ ደግሞ…» ቀሚሴን እንደያዘ በሁለት እጁ አጣመመው። «ያንቺ እጅ ነው የሚመስለኝ፣» አለ በመጨረሻ፣ ለወለሉ። «እሷ ሣቀችብኝ። አንቺም ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ሄቨን ስትናገረው የበለጠ ያምር ነበር። ይኼኛው ተቆራርጦ፣ ተጣሞ፣ በላብ ርሶ ነው የወጣው። ግን ፊት ለፊቴ፣ ወደ እኔ ጆሮ ነው የመጣው። አልሣቅኩበትም። ማልቀስ እንኳ አማረኝ፤ እሱንም ዋጥ አድርጌ በጣቴ ወደ ግቢው ጠቆምኩት። ዳንቴሉ ገመድ ላይ በነፋስ ይወዛወዝ ነበር።

«ቆሽሾ ነበር፣ አጠብኩት። ይልቅ ሕመምተኛህን ከወለል አንሳት፣ ጫማ ገዝቼላታለሁ።»

ቆርኪዎቹ ላይ እኔው ራሴ አስቀመጥኳት። ከታች እጄን አስገብቼ ዳበስኳት፤ ሆዷ ቀዝቃዛ ነበር፣ አየር በጣቶቼ መሀል ሽው ይላል። ማኑሄ ቁጭ ብሎ ጨዋታውን ከፈተ፣ መኪናው ተነሳ፣ አልደረቀም። ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቡ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ በቃ፣ ጣውንትነታችን አበቃ ብዬ።

«አየህ፣ ዳነችልህ!» አልኩት።

ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነው። መኪናው ብቻውን ሄዶ ግንብ ገጭቶ ቆሟል። በተከፈተው በር አየሁት፦ ማኑሄ ግቢው መሀል ቆሞ፣ ዳንቴሉን ጠርዙን በሁለት ጣቱ ይዞ ደርቆ እንደሆነ ያያል፤ አልደረቀም መሰለኝ ወደ ጉንጩ አስጠጋው። ሰው ያየው እንደሆነ ዞር ዞር ብሎ ተመለከተ። ከዚያ ጥላው ውስጥ የገባውን ጫፍ ቀስ ብሎ ወደ ፀሐዩ አዞረው፣ የእኔን ግንባር ነክቶ በማያውቅ እጁ።

ከወንበሬ ተነሳሁ። «ማኑሄ!» ብዬ ጮህኩ። «እሱን ተወውና ና፣ የእጁ ባለቤት እዚህ ናት!»